አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ

ሰሞኑን እዚሁ ደሴ በተካሄደው የተማሪዎች የድርሰት ውድድር አንዲት የሰፈሬ ልጅ ተሰርዛለች። ጥፋቷ ጅብ ማክበሯ ነው። ድርሰቷ ውስጥ ያለችው ከተማ ካርታ ላይ የለችም። ሕዝቧ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ ጭጋጉ ከተራራው ሲነሣ፣ ገንፎ አገንፍቶ ደጁ ላይ ያስቀምጣል። ሌሊት ዓይኑ እንደ ፋኖስ የሚያበራ ጅብ ይመጣል፤ መንገድ የጠፋበትን ሁሉ እየመራ ቤቱ የሚያደርሰው እሱ ነውና። በልቶ ሲጨርስ «አብሽሩ» ብሎ ይሄዳል። ጠዋት ቅቤው ተልሶ፣ የገንፎው ዳር ሳይነካ ይገኛል። «ዳሩን ለምን ተወው?» ብላት «ለውሾቹ ነዋ ጋሼ!» አለችኝ።

ከገምጋሚዎቹ አንዱ «ጅብ አይናገርም፤ ይህ ለልጅ ውሸት ማስተማር ነው» አሉ። ጉድ ነው! ታዲያ ከማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» ያለው ማን ነበር? እኚህ ሰው አያት አልነበራቸውም? ምድጃ ዳር ተቀምጠው ተረት አልሰሙም? «አያ» እያልን እንደ ታላቅ የጠራነው አውሬ አንደበት ከየት አምጥቶ ነው እስከ ዛሬ ሲያወራን የኖረው?

ሌላው ደግሞ «ከውጭ ፊልም የተቀዳ ነው፤ ባህላችን አይደለም» አሉ። ሐረር ይሂዱ። በዓሹራ በዓል ገንፎ በቅቤ ለጅብ ይቀርባል፤ አበላሉ ታይቶም የዓመቱ ነገር ይገመታል። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጁገል ግንብ የታጠረው ጠላት እንዳይገባ ነው፤ ለጅብ ግን መግቢያ ቀዳዳ ተትቶለታል። ይህንንም ከፊልም ቀድተውት ይሆናል!

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በጅብ ጉዳይ እኛ መቼ ፈጠራ አንሶን ያውቃል? ቀጥቃጩን «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» አልን። ሸክላ ሠሪዋን እንደዚያው። ማረሻውን ከእጁ ተቀበልን፣ በምጣዷ እንጀራ ጋገርን፤ ልጃችንን ግን አልዳርንላቸውም። ሲያልፉ ዓይናቸውን ፈርተን መሶባችንን ከደንን። ልጅ ባመመው ቁጥር «ማን አየው?» እያልን ጎረቤት ጠረጠርን። ስንት ሰው በዚህ ተረት አንገቱን ደፍቶ ኖሯል! ያን ጊዜ «ጅብ እንዲህ አያደርግም» ብሎ ቀይ እስክሪብቶ ያነሣ ገምጋሚ አልነበረም። አሁን አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ያንኑ ጅብ ወስዳ ፋኖስ አስያዘችው፤ የጠፋ ሰው አስመለሰችበት። በአንድ ሌሊት ባዕድ ሆነ። ጅብ ሰውን ከሰው ሲያራርቅ ባህል፣ ሰውን ቤቱ ሲያደርስ ፊልም!

የፊደል ግድፈት አለባት፤ «ሀ» እና «ሐ» ይምታቱባታል። ለዚህ ነጥብ ይቀነስባት፤ አልከራከርም። ልትጥሏት ከሆነ ግን አህያ እንዳለችው ሳታመኻኙ ብሏት። ጦሳ ተራራ ሥር ለምንኖር፣ ሌሊቱን በጅብ ጩኸት ለምናጋምስ ሰዎች፣ ጅብ ከውጭ መጣ ብላችሁ አትንገሩን።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ አገኘኋት። ለመጪው ዓመት ምን ልትጽፊ ነው አልኳት።

«ስለ ችግኝ ተከላ» አለችኝ።