«ጥቁር መዝገብ» የሚባል የለም

ወንድሜ፣ «ክሬዲቴ (የብድር ታማኝነት ነጥቤ) አንደኛ ሆኖ የስልክ ኮንትራት የከለከሉኝ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገብቼ ነው» ያልከው ልክ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያለ መዝገብ የለም። አፕህ ላይ የምታየውን ነጥብም የስልክ ድርጅቱ አያየውም፤ ጥሬ መረጃውን የሰውን የብድርና የክፍያ ታሪክ ከሚይዙት ድርጅቶች፣ ከኤክስፔሪያን፣ ከኤክዊፋክስ ወይም ከትራንስዩኒየን ወስዶ በራሱ መስፈርት ያሰላል። እኔን የጣለኝ አድራሻ ነበር፦ ባንክ ጋ «ፍላት 3»፣ ማመልከቻው ላይ «3ኤ»። በዚህች ፊደል!

ደግሞ አድራሻ ብዙ ጊዜ የሚጣራው በመራጮች መዝገብ ነው፤ ለንደን ላይ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ የያዘ ሰው እዚያ መዝገብ ውስጥ መግባት አይችልም፤ ናይጄሪያዊው ጎረቤትህ ግን ይችላል፣ የኮመንዌልዝ ዜጋ ነዋ። አንተ የመኖሪያ ማስረጃህን ለነኤክስፔሪያን ልከህ ፋይልህ ላይ ማስታወሻ አስጨምር። እስከዚያው ከሱቅ ሱቅ እየዞርክ አታመልክት፤ እያንዳንዱ ማመልከቻ ፋይልህ ላይ ይቀመጣል።