ዛሬ ስንት በግ አገኘህ?

ለእናቴ ስራዬን ማስረዳት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው። መጀመሪያ ላይ «ጌም ስጫወት ይከፍሉኛል» አልኳት። ስልኩ ላይ ዝም አለች። ከዛ «ስራ እስክታገኝ ነው አይደል?» አለችኝ።

የምኖረው ሲያትል አካባቢ ነው። የኒንቴንዶ የአሜሪካ ቢሮም ማይክሮሶፍትም እዚሁ ሬድመንድ ናቸው። የኔው መስሪያ ቤት ግን ትንሽዬ ነው፣ ስሙም አያስጠራ።

ስራው ምን መሰላችሁ? ጌሙ ከመውጣቱ በፊት እየተጫወቱ ስህተቱን መፈለግ ነው። ጌሙ ውስጥ ግንብ አለ። ሰውዬውን ይዤ ግንቡን እገጫለሁ። በግራ ትከሻው፣ በቀኙ፣ በጀርባው፣ እየዘለለ፣ እየዳኸ፣ ፈረስ ላይ ሆኖ። ከዛ ወደ ሚቀጥለው ግንብ። አንዴ ሶስት ቀን ሙሉ ስገጭ ቆይቼ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈረሱ እስከ ሆዱ መሬት ውስጥ ሰመጠ። እግር የሚባል የለውም፤ እሱ ግን ተረጋግቶ ሳሩን ይግጣል። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። የት እንደቆምኩ፣ የቱን ቁልፍ ስንቴ እንደተጫንኩ፣ ከነቪዲዮው ጽፌ ላክሁ። በማግስቱ ፕሮግራመሩ መለሰ፦ «እኔ ጋ አይሰምጥም።» ጉዳዩ ተዘጋ።

ሰው ይስቃል እንጂ ግንብ ገጪ ባይኖር ጉድ ነው። በፈረንጅ 1980 የወጣው ፓክማን የሚባለው ጌም የደረጃ ቆጣሪው የሚይዘው እስከ 255 ብቻ ነበር። 256 ላይ የደረሰ ጎበዝ የስክሪኑ ቀኝ ግማሽ በፊደል ፍርፋሪ ተሞልቶ ይጠብቀዋል። በ2014 ደግሞ አሳሲንስ ክሪድ ዩኒቲ የሚባለው ጌም ሲወጣ ውስጡ ያለው የአንዳንዱ ሰው ፊት ጠፍቶ ዓይንና ጥርስ ብቻ ቀርቶ ነበር። እናቴ ብታየው ጠበል ትልከው ነበር።

ቅዳሜ ቡና ስጠራ ሌላ ጣጣ አለ። ደክሞኝ ጥግ ይዤ ስቀመጥ የቤቱ እመቤት «ምነው ዝም አልክ፣ ተጫወት እንጂ!» ይሉኛል። እትዬ፣ ቅዳሜ አልሰራም።

ለፋሲካ እናቴ ደወለች።

«ስራ እንዴት ነው?»

«ተይኝ እማዬ፣ ዛሬ ብቻ አስራ ሁለት በግ አገኘሁ።»

እኛ የጌም ስህተትን እንዲያ ነው የምንጠራው። ቃሉ የፈረንጅ «bug» ነው፣ አፋችን ላይ ሲደርስ በግ ሆኖ ቀረ።

«አስራ ሁለት?»

«አዎ። ሁለቱማ በጣም ከባድ ናቸው።»

«እሰይ የኔ ጌታ! እዚህ እኮ አንዱም አልተቀመሰ።»

ላስረዳት አፌን ከፈትኩ። ግን በሁለት ዓመት ውስጥ በስራዬ ደስ ሲላት የመጀመሪያዋ ነበር። ዘጋሁት። በሳምንቱ እህቴ እንደነገረችኝ፣ ሰፈሩ በሙሉ አሜሪካ በግ እንደማረባ ሰምቷል። ከጌም ተጫዋች በግ አርቢ ይከበራል።

ብዙዎቻችን የኮንትራት ነን። በጉን ለቅመን ስንጨርስ ጌሙ ይወጣል፣ እኛም እንወጣለን። ባለፈው ወር ተራዬ ደረሰ። ኬክ ቆርሰው፣ ቲሸርት ሰጥተው፣ ባጄን ተቀበሉኝ። ማታ ጌሙን በገዛ ገንዘቤ ገዝቼ ከፈትኩት፣ ያንን ግንብ ፈልጌ ገጨሁት። ፈረሱ ሰመጠ።

ይሄኔ እናቴ ደወለች።

«በጎቹስ?»

«አለቁ እማዬ።»

«ውይ! ለዘር እንኳ አንድ አላስቀረህም?»

«አንድ ፈረስ ቀርቷል» አልኳት።