ቀረጡ በተኩሱ፣ ድብድቡ በኳሱ

አሜሪካ ውስጥ ትምህርት ቤት ላይ ተኩስ በተከፈተ ቁጥር የማይቀር ነገር አለ። ለቅሶው ሳይበርድ አንድ የምክር ቤት ሰው ብድግ ይልና «ልጆቹን ያበላሸው የቪዲዮ ጌም ነው፣ ግብር እንጣልበት» ይላል። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2012 ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ውስጥ 20 ሕፃናት ተገደሉ። በወሩ ሚዙሪ ግዛት ውስጥ፣ ጥቃት ባለባቸው ጌሞች ላይ የ1 በመቶ ግብር ይጣል የሚል ረቂቅ ቀረበ። በ2018 ፍሎሪዳ፣ ፓርክላንድ ትምህርት ቤት ከደረሰው ግድያ በኋላ ሮድ አይላንድ ላይ 10 በመቶ ይሁን ተባለ። ፔንስልቬንያም ላይ ያው 10 በመቶ ተነሣ። አንዱም ሕግ ሆኖ አልወጣም። በ2025 ደግሞ የሜክሲኮ መንግሥት 8 በመቶ ልጣል ብሎ ነበር።

ደሴ፣ ሸዋ በር ያለው አጎቴ ይህን ወሬ ከየት እንደሰማው እንጃ። በቴሌግራም ድምፅ ላከልኝ። «አንተ ልጅ፣ እናንተ አገር ጌም ላይ ቀረጥ ሊጥሉ ነው አሉ። ወላሂ ደግ አሰቡ! እኛም ጋ ቢጣል እኮ የዚህ ሰፈር ልጅ ልብ ይገዛ ነበር።» አጎቴ የሰፈሩን ቅሬ ከሚመሩት አንዱ ነው። ቅሬ ማለት የወሎ እድር ነው፤ ግን መቅበር ብቻ አይደለም ሥራው፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ያጠፋ ይቀጣል። ስለዚህ አጎቴ ስለ ሰፈር ልጅ ሲናገር ዝም ብሎ የሚያወራ ሰው አይደለም።

«ጋሼ፣ ነገሩ እንዲያ አይደለም» ብዬ በሁለት ደቂቃ ድምፅ ልመልስለት ሞከርኩ። አልበቃኝም።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ነው። እዚህ የሀበሻ ቤት ብትገቡ ቤዝመንት ውስጥ አንድ ልጅ አታጡም። ጆሮው ላይ ትልቅ ሄድፎን ደፍቷል። በማይታይ ሰው ላይ በእንግሊዝኛ ይጮሃል። እናቱ አረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ ሠርታ ገብታ ላይ ቤት ተኝታለች። አባቱ ኡበር ላይ ነው። የጌሙ ሽፋን ላይ «ኤም» የሚል ፊደል ተጽፏል። 17 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ነው ማለት ነው። ልጁ 13 ነው። ማን ገዛለት? እናቱ። ፊደሏን የልብስ ቁጥር ይመስል አይታ አልፋታለች። ምን ታድርግ? ልጁ ውጭ ከሚውል ቤት ቢውል ይሻላታል፤ ውጭ ያለውን ታውቀዋለች።

እንግዲህ ግብሩ መጣ እንበል። አዲስ ጌም እዚህ 70 ዶላር ገደማ ነው። 10 በመቶ ሲደመር 7 ዶላር። ለ7 ዶላር ብሎ የልደት ስጦታ የሚያስቀር ወላጅ አላየሁም። ከፋዩ ደግሞ ልጁ አይደለም፣ የእናቱ ካርድ ነው። ይባስ ብሎ ልጆቹ ሙጭጭ ያሉበት ፎርትናይት ከ2017 ጀምሮ በነፃ ነው የሚወርደው። ገንዘብ የሚሰበስበው ለገጸ ባሕርያቱ ልብስና ጭፈራ እየሸጠ ነው። የዜሮ 10 በመቶ ስንት ነው? የሮድ አይላንዱ ረቂቅ ደግሞ «ኤም»ና ከዚያ በላይ የተጻፈበትን ብቻ ነበር የሚመለከተው። ፎርትናይት «ቲ» ነው፤ ከ13 ዓመት ጀምሮ ላለ ታዳጊ ማለት ነው። ሰው በሰው ላይ ሲተኩስ ይውላል፣ ግን ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ደም የለውም፤ ያልፋል።

ከእኔ ቤት የግማሽ ሰዓት መንገድ ያህል ሄዳችሁ ኮለምባይን ትምህርት ቤትን ታገኛላችሁ። ሚያዝያ 1999 ሁለት ተማሪዎች 12 ተማሪዎችንና አንድ መምህር ገደሉ። ሁለቱም ዱም የሚባለውን የተኩስ ጌም ይወዱ ነበር። የመምህሩ ቤተሰብ የጌም ኩባንያዎችን ከሰሰ፤ በ2002 ፍርድ ቤቱ ክሱን ዘጋው። ያ ጌም የወጣው በ1993 ነው። በአሜሪካ በግድያ፣ በዝርፊያና በድብደባ የሚያዙ ታዳጊዎች ቁጥር ጣሪያ የነካውም በእነዚያው ዓመታት፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያ በኋላ ጌሙ እየበዛ፣ ሥዕሉ እየጠራ፣ ደሙ እየቀላ ሄደ። ወንጀሉ ግን ከግማሽ በላይ ወረደ። ጌም ወንጀል ይቀንሳል እያልኩ አይደለም። ግን ተኩሱን የዘራው ጌም ቢሆን ኖሮ አዝመራው እንዲህ አይሆንም ነበር። ጃፓንና ደቡብ ኮሪያም ጌም እየተጫወቱ ያድራሉ፤ እዚያ ግድያ ብርቅ ነው።

ምሁራኑም ተከራክረው ተከራክረው የደረሱበት ቦታ ያን ያህል አያስደነግጥም። በ2020 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር፣ ጌምን ከእውነተኛ ጥቃት ጋር ለማያያዝ የሚበቃ ማስረጃ የለም አለ። ከመጮህና ከመገፋፋት ጋር ግን ትንሽ ዝምድና አለው አለ። መጮህማ ቤዝመንት ወርዶ መስማት ነው።

ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ደርሷል። ካሊፎርኒያ ለልጆች እንዲህ ያለ ጌም እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ በ2005 አውጥታ ነበር። በ2011 ዳኞቹ 7 ለ2 ሻሩት። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ስካሊያ የሚገርም ነገር አነሡ፤ ለልጆች የምናነበው ተረት ራሱ ደም በደም ነው፣ ሕፃናቱ ሃንሰልና ግሬተል እንኳ ያገተቻቸውን ሴትዮ እቶን ውስጥ ከትተው ይገድሏታል አሉ። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። እኛስ? ማታ ማታ እሳት ዳር ጅቡ አህያዋን በየብልቱ ሲዘነጥላት እየሰማን አይደል የተኛነው? ሠርግ ላይ «ገዳይ! ገዳይ!» እየተባለ ሲፎከር ከዳስ ቋሚ ሥር ቁጭ ብለን እጃችን እስኪቃጠል አላጨበጨብንም? ፉከራ ላይ ቀረጥ ይጣል ያለ ሰው ግን አልሰማሁም። ቢጣል ወሎ ይከስር ነበር።

አሁን ወደ አጎቴ ሰፈር።

የደሴን ጌም ቤት ያላየ ሰው ስለዚህ ቀረጥ ባያወራ ደስ ይለኛል። የቆርቆሮ ክፍል ናት። በሯ ላይ መጋረጃ አለ፣ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ እንዳያርፍና የሚያልፍ አባት ልጁን እንዳያይ። ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ያረጀ ፕሌይስቴሽን። ጆይስቲኮቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በፕላስተር ተጠቅልሏል፣ ጎማው ተልጦ አልቋል። ማን የተላጠውን ይያዝ የሚለው ራሱ አንድ ዙር ጭቅጭቅ ነው። ጌሙ? ኳስ። ሁልጊዜ ኳስ። አንዱ ባርሴሎና፣ አንዱ ማንቼ። ክፍያው በጨዋታ ሲሆን ሕጉም አንድ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል።

ነገሩ ሁሉ እዚህች ሕግ ውስጥ ነው ያለው። አስተውሉ፣ ኪሱ ባዶ የሆነ ልጅም መጫወት ይችላል ማለት ነው፣ ካላሸነፉት። አሸንፋለሁ ብሎ ይቀመጣል። በ85ኛው ደቂቃ ጎል ይገባበታል። ባለቤቱ እጁን ይዘረጋል። ልጁ የለውም። ተጋጣሚው «ሳይኖርህ ለምን ተቀመጥክ?» ይላል። ከዚያ ቡጢ ነው። መብራት 80ኛው ደቂቃ ላይ ቢጠፋስ ማን ይከፍላል? ይህች ጥያቄ ብቻዋን ስንት ጥርስ አውልቃለች። ከፍ ያሉት ደግሞ ብር ያስይዛሉ፤ ያ እንግዲህ ቁማር ነው።

እንግዲህ የሚዙሪን ረቂቅ ሕግ አምጥታችሁ ሸዋ በር ላይ ብትጥሉት ምን ይሆናል? ሕጉ ተኩስ ያለበትን ጌም ነው የሚፈልገው። ጥርስ የሚወልቀው ግን ኳስ ላይ ነው። ኳሱ ነፃ ይወጣል። ስልክ ላይ ያለው የተኩስ ጌም ማለትም ፍሪ ፋየሩ፣ ፐብጂው በነፃ የወረደ ነው። የፕሌይስቴሽኑም ጌም የተቀዳ ነው፤ ማሽኑ ራሱ ከሳዑዲ በተመለሰ ሰው ሻንጣ የመጣ ሊሆን ይችላል። ቀረጡ ደረሰኝ የሌለውን ዕቃ በየት በኩል ያገኘዋል?

ደግሞ ያገኘው እንበል። ባለ ጌም ቤቱ ከኪሱ አይከፍልም፤ የጨዋታውን ዋጋ ይጨምራል። ልጁ ገንዘቡን ከየት ነው የሚያመጣው? ከመላላክ ከተረፈ መልስ። ከእናቱ መቀነት። ደብተር ግዛ ተብሎ ከተሰጠው። የእኛ ሰፈር ጌም የወለደው ወንጀል ካለ ይኸው ነው፤ ትንሽ የቤት ውስጥ ሌብነት። ዋጋው ሲጨምር ሌብነቱ ይቀንሳል? የሱስን ነገር የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። አንድ ጊዜ መቀነት የሚፈታው ልጅ ሁለት ጊዜ ይፈታል። ወንጀል ይቀንሳል ያልነው ቀረጥ እናቶቻችንን በልጆቻቸው እጅ ሊያስከፍል ነው።

አጎቴ ግን አንድ የማልክደው ነገር ተናግሯል። «ልጆቹ ከጦርነቱ ወዲህ ሌላ ሆነዋል» አለ። ደሴና ኮምቦልቻ በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት 2014 መጨረሻ ጀምሮ አንድ ወር ገደማ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ። ያኔ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ የነበረው ዛሬ ጌም ቤት ነው። ከዚያ በፊት ብይ ይለቅም የነበረ ልጅ ቀለህ ለቀመ። የክላሽና የዲሽቃን ድምፅ ለይቶ ያውቃል፤ ይህን ከስክሪን አልተማረውም። በ2015 መጨረሻ ክልሉ ውስጥ እንደገና ተኩስ ተጀመረ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ፣ በየወረዳው ስንት ትምህርት ቤት ተዘጋ። እውነተኛው ጠመንጃ በየመንገዱ እያለ የሥዕሉን ጠመንጃ መቅረጥ እኔን አይገባኝም። እንዲያውም ኢንተርኔት በሌለበት ወራት ያ የቆርቆሮ ቤት ልጆቹን ከባሰ ነገር ያቆየ ይመስለኛል። አጎቴ በዚህ አይስማማም።

ኮሎራዶ ያደረገችውን ለአጎቴ ስነግረው ግን ጆሮውን ሰጠኝ። በፈረንጆቹ ኅዳር 2024 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠና ጠመንጃና ጥይት ላይ የ6.5 በመቶ ኤክሳይዝ ጸደቀ። ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ይሰበሰባል። እውነቱን ለመናገር፣ በ6.5 በመቶ ጠመንጃ መግዛት የሚተው ሰው አይኖርም። የወደድኩት ገንዘቡ የሚሄድበትን ነው። አብዛኛው የወንጀል ተጎጂዎችን ለሚረዱ ድርጅቶች ይሄዳል፣ ከቀሪው ደግሞ ለወጣቶች የአእምሮ ጤናና ለትምህርት ቤት ጥበቃ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ሕጉ ላይ አስቀድሞ ተጽፏል። የጌሙ ግብርም ቢሆን ልጁን ያስደነግጣል ተብሎ ሳይሆን፣ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ተጽፎ ቢመጣ ሌላ ወሬ ነበር። የሸዋ በር ጌም ቤት ቀረጥ ግን ተመልሶ ለሸዋ በር ልጆች ኳስ ሜዳ ይሆናል ብሎ የሚምል ካለ ይቅረብ። አጎቴ ራሱ ሳቀ።

ከዚያ ቅሬው ያደረገውን ነገረኝ። ባለ ጌም ቤቱን ጠርተውታል። እሱም የቅሬው አባል ነው፤ ነገ እናቱ ብትሞት የሚቀብሩለት እነሱ ናቸው፣ ስለዚህ እምቢ አይልም። ሦስት ነገር አስማሉት። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ አያስገባም። ከመቀመጡ በፊት ሁለቱም ብራቸውን ያሳያሉ። መብራት ከጠፋ ለሁለት ይከፈላል። እኔ ይህን ስሰማ፣ ያቺን የመብራት አንቀጽ ያረቀቀውን ሰው ዋሽንግተን ቢወስዱት አልኩ።

ድብድቡ ቀንሷል አሉ። ዩኒፎርሙ ግን አልሠራም፤ ልጆቹ ቦርሳቸው ውስጥ ቅያሪ ቲሸርት ይዘው መምጣት ጀምረዋል። አጎቴ በሚቀጥለው ስብሰባ የቦርሳ ፍተሻ ሊያስጸድቅ ነው። እኔን ደግሞ ያረጁትን ጆይስቲኮች የሚተካ ሁለት አዲስ ላክ ብሎኛል፤ በጥሬ ገንዘብ አይደለም፣ በዕቃ። ለባለ ጌም ቤቱ ሳይሆን በቅሬው ስም።