የገዛ ደብዳቤዬ ተቆልፎብኛል

ከሜክሲኮ ወደ ብሔራዊ ቴአትር በእግሬ ስመለስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቢሮ ገብቼ ይህን ስጽፍም ንዴቱ አልበረደልኝም። ኢሜይሎቼን የምለዋወጠው ተመስጥረው ነው፤ የሚፈታቸውም ላፕቶፔ ውስጥ የነበረ የምስጢር ቁልፍ ነው። ላፕቶፑ ፎርማት ሲደረግ ቁልፉ አብሮ ጠፋ፤ የ8 ወር ደብዳቤዎቼም ማንም ሊፈታው የማይችል የፊደል ክምር ሆነው ቀሩ።

መላ ካለው ብዬ ደንበኛችን ቢሮ ሄድኩ። የኮምፒውተር ባለሙያው የመጨረሻ ልጄን የሚያክል ወጣት ነው። ተቀመጪ እንኳ ሳይለኝ «የግል ቁልፉን ባክአፕ አላደረጉም?» አለኝ። አላደረግሁም አልኩት። «የመሻሪያ ሰርተፍኬቱስ?» ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቀው ሳቀ፤ ከዚያም አጠገቡ ወደተቀመጠችው ልጅ ዞሮ «ይኼ ነገር ለሁሉም ሰው አይሆንም ብዬ አልነበር?» አላት። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች በሙሉ ሰሙት። 22 ዓመት ሙሉ የሰው የሕክምና ማስረጃና የፍርድ ቤት ውሳኔ ስተረጉም አንድ ገጽ አላባከንኩም። የታካሚ ስም በግልጽ ኢሜይል መሄዱ እንቅልፍ ነስቶኝ ደብዳቤዎቻችን ይመስጠሩ ብዬ የተሟገትኩትም እኔው ነኝ። ለእኔ የማይሆን ከሆነ ለማን ሊሆን ነው?

ደግሞስ ጥፋቱ የእኔ ነው? ፊል ዚመርማን እንዲህ ያለውን የኢሜይል ማመስጠሪያ ፕሮግራም፣ ፒጂፒን፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲለቅ ያሰበው ተራው ሰው ምስጢሩን እንዲጠብቅበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለት ተመራማሪዎች ኢሜይል የለመዱ 12 ሰዎችን ሰብስበው፣ 90 ደቂቃ ሰጥተው በዚሁ ፕሮግራም መልእክት አመስጥራችሁ ላኩ ቢሏቸው፣ ሦስቱ ምስጢሩን ሳያመሰጥሩት ላኩት። ያን ጊዜ የተወለደ ልጅ ዛሬ ሥራ ይዟል፤ እኛ ግን አሁንም «ባክአፕ አላደረጉም?» እየተባልን ይሳቅብናል።

ስያሜው ራሱ ያደናግራል። እኛ ቁልፍ የምንለው መክፈቻውንም መቆለፊያውንም ነው፤ ፕሮግራሙም ሁለቱንም ቁልፍ ይላቸዋል። ለሰው የምሰጠው መቆለፊያ፣ ከእኔ ዘንድ የሚቀረው መክፈቻ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር በመጀመሪያው ቀን ይገባኝ ነበር። ጥር ላይ ደግሞ የአንዲት እናትን ሙሉ ስም በርዕሱ ቦታ ጽፌ ላክሁ፤ እኔ የምጠቀምበት ፕሮግራም የሚያመሰጥረው የደብዳቤውን አካል ብቻ ስለሆነ ስሟ ለአላፊ አግዳሚው ተገልጦ ሄደ። አንድም ማስጠንቀቂያ አልወጣም። ያቺን ሴት ባሰብኳት ቁጥር ደረቴ ላይ ድንጋይ ይቀመጣል።

የዛሬው የባሰው ግን ቢሮ ከገባሁ በኋላ ያነበብኩት ነው። ለካስ ያን የተሳቀብኝበትን የመሻሪያ ሰርተፍኬት፣ ማለትም ቁልፉ ከእንግዲህ እንደማይሠራ ለሌሎች የሚያሳውቀውን ፋይል፣ ፕሮግራሙ ቁልፉን በፈጠረልኝ ቀን በራሱ ሠርቶት ነበር፤ ያስቀመጠው ግን ቁልፉ ባለበት በዚያው ዲስክ ላይ ነው! የቤቱን መለዋወጫ ቁልፍ እዚያው ቤት ውስጥ ቆልፎበት እንደመውጣት አይደለም እንዴ? «ይህን ወረቀት ላይ አትመሽ ወይም ፍላሽ ላይ ገልብጠሽ ካላስቀመጥሽ አላሳልፍሽም» ብሎ ቢያስቆመኝ ምን ነበረበት? ከአንድ ዓመት በኋላ የሚያበቃ የአገልግሎት ጊዜ ወስኖ፣ ቀኑ ሲቃረብም ቢያስታውሰኝ?

እህቴ ዋትስአፕ ትጠቀማለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ምስጠራው ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ ሲዳረስ እርሷን ቁልፍሽ የት ነው ያላት የለም፤ ስልክ ስትቀይርም አዲሱ ቁልፍ ሳታውቀው ይሠራል። ኢሜይል የአንድ ድርጅት ንብረት ስላልሆነ፣ በብዙ አገልጋዮች መካከል ስለሚጓዝ፣ ሥራው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቢሆንም ክብደቱን መሸከም የነበረበት ማሽኑ እንጂ እኔ አልነበርኩም።

አሁን ይህን እየጻፍኩ ሳለ ውጭ አገር ያለው ጠበቃ አዲስ ደብዳቤ ላከ፤ መክፈቻው በጠፋብኝ መቆለፊያ የተመሰጠረ ስለሆነ ላነበው አልቻልኩም። የእርሱ ፕሮግራም ያንን ቁልፍ ዛሬም ደህና ነው ብሎ ያምናል፤ መሻሪያው አብሮ ስለጠፋ እኔም ልሽረው አልችልም። የቀጠሮው ቀን ደግሞ ዓርብ ነው። ነገ ጠዋት ደውዬ እባክዎ ሳያመሰጥሩ በግልጽ ይላኩልኝ ልለው ነው።