ዳስ ጥለን ችግኝ እንትከል

እንደኛ ዛፍ ወዳድ ሕዝብ የት ይገኛል? ሐምሌ ሲገባ ልባችን በችግኝ ፍቅር ይሞላል። ኮፍያ ይታደላል፣ ባነር ይሰቀላል፣ የአካፋ እጀታ ይወለወላል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተከልን ተብሎ ስማችን ዓለምን ዞሯል። ፍቅራችን አንዲት አመል ብቻ አለችው፤ ቁመት አይወድም። ዛፉ ከጉልበት ካለፈ ዓይናችን ውስጥ አይገባም።

አጎቴን ውሰዱት። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ከአባቱ የወረሰው ቁራጭ ደን አለው። ወይራ፣ ጥድ፣ ዋንዛ፣ ብሳና። ከሥሩ በጋ ከክረምት የማይነጥፍ ምንጭ። የዛሬ ስንት ዓመት የተከላ እንግዶች አገሩን ጎበኙ። መኪኖቻቸውን የት አቆሙ? ከአጎቴ ዛፎች ጥላ ሥር። ውሃ ከየት ጠጡ? ከምንጩ። ንግግር ስላለ ደግሞ ዳስ መጣል ነበረበት፤ ዳስ ያለ ቅርንጫፍ አይሆንም። ከማን ወይራ እንደተዘነጠፈ መገመት አያቅታችሁም።

ተከላው ፊት ለፊት ባለው ራቁት ኮረብታ ላይ ሆነ። ያማረ ተከላ ነበር። አንዱን ችግኝ ለሦስት ይዘው ፎቶ የተነሱ አሉ። «ዛፍ ሕይወት ነው» የሚል ንግግር ሲደረግ አጎቴም ከዳሱ ጀርባ ቆሞ አጨበጨበ። ወር ሳይሞላ ፍየሎች ኮረብታውን ወጥተው የተተከለውን ለቃቀሙት። ጥፋቱ የፍየሎቹ ነው። ባነሩን አላነበቡም።

የመንግሥት ቢሯችንንም ሳላመሰግን አላልፍም። አንድ ክረምት ንፋስ የአጎቴን አንድ ጥድ ገነደሰው። ጣውላ አውጥቶ ሸጦ ለልጁ የትምህርት ወጪ ሊያደርገው አሰበ። አሰበ ነው ያልኩት። ከቀበሌ ደብዳቤ፣ ከወረዳ ፈቃድ፣ ለኬላ የይለፍ ወረቀት ተባለ። አንዱ ሠራተኛማ «አባቴ፣ አገር በቀል ዛፍ እኮ ነው፤ በንፋስ መውደቁን በምን እናረጋግጥ?» አለው። ንፋሱ ለምስክርነት አልቀረበም። ግንዱ እዚያው በሰበሰ።

ጎረቤቱ ግን ብልህ ነው። አባቱ ወይራውን ጨርሶ መንጥሮ ባሕር ዛፍ ተክሎለት አልፏል። በየጥቂት ዓመቱ አይሱዙ ከደጁ ይቆማል፣ አጣናው ይጫናል፣ ብሩ ይቆጠራል። ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል። አጎቴ የወፍ ድምፅ አለው።

ከሁሉ የምወድልን ግን ቃላችንን ነው። መሬት ሊለካ የመጣ ሰው ደኑን አይቶ «ይሄ ጦም ያደረ ነው» ብሎ ጻፈ። እንዴት ያለ መንፈሳዊ አገላለጽ ነው! ወይራው ጾመኛ ነው፣ ጥዱ ጾመኛ ነው፣ ምንጩም በጾም ውሃ ያፈልቃል። መሬቱ የሚገድፈው ስንጨፈጭፈው ነው።

አጎቴ ግን ይጠራጠራል። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። በ1967 የገጠር መሬት ሲወረስ ልጅ ነበር። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ የማኅበረሰብ ደን የተባለው በየቦታው ሲጨፈጨፍ በዓይኑ አይቷል። የማን እንደሆነ ያልታወቀ ዛፍ መጥረቢያ የያዘ ሁሉ ዛፍ ነው። አሁንም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ሳጥን ውስጥ ቆልፎበት፣ «ዛፉስ የኔ ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። በ2010 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የግል ደንን ባለቤትነት እንደሚያውቅ፣ ማበረታቻም እንዳለበት ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ከአዲስ አበባ የተነሳው በእግሩ ነው እንዴ?» አለኝ።

አንዳንድ አገር ግን ገንዘብ አያያዝ አያውቁም። ኮስታ ሪካ የምትባል ትንሽ አገር በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሕግ አወጣች። በመሬቱ ላይ ደን ለጠበቀ ባለይዞታ ይከፈለዋል። ውሃ ስለጠበቀ፣ የተቃጠለ አየር ስለዋጠ። ገንዘቡ በዋናነት ከነዳጅ ላይ ከሚሰበሰብ ግብር ነው። ቤንዚን የሚቀዳ ሰው ለገበሬው ዛፍ ይከፍላል! ይሄ ሁሉ ብር በኮፍያና በባነር ቢሠራ ስንት ሰው ያለብስ ነበር።

እኛም አገር ያለ ባነር የሚተክሉ ጉዶች አሉ። አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ማሳውን ዲከረንስ በሚባል ቶሎ በሚያድግ የግራር ዓይነት ሸፍኖታል። ማን ቀሰቀሰው? ከሰል። በጥቂት ዓመት ይደርሳል፣ ይከሰላል፣ ይሸጣል፤ ቆርጦም መልሶ ይተክላል። ንግግር ሳይሰማ እንዴት ተከለ? ጌዴኦዎችም ከጥንት ጀምሮ ቡናውንና እንሰቱን ከትልልቅ ዛፍ ሥር አኑረው ኖረዋል። መስከረም 2016 ዩኔስኮ መልክዓ ምድራቸውን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ እኛም ተነስተን አጨበጨብን። ትልቅ ዛፍ እንዲታየን ፈረንጅ መጀመሪያ ሊያየው ይገባል። አጎቴ ጋ ደግሞ ፈረንጅ አልመጣም።

ሰሞኑን ደወለልኝ። ዘንድሮም ያ ኮረብታ ሊተከል ነው። ጉድጓድ መቆፈር እንኳ አላስፈለገም፤ የያኔው አለ። ፍየል እንዳይገባ ስለሚታጠር ግን እያንዳንዱ አባወራ ችካል እንዲያዋጣ ደብዳቤ ደርሶታል።

«ከየትኛው ዛፍ ልቁረጥ?» አለኝ።

ከትልቁ ነዋ፣ ጋሼ። ለፎቶው ጥላ እንዳያጠላ።