ምስጋናው ለማን ነበር?

ትናንት በቀበሌያችን «የምስጋና ቀን» ተባለ። ለማን? ለክብር እንግዳው! ካባ ደረበ፣ ሰርተፍኬት ተቀበለ፣ ፎቶ ተነሳ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋስ? ወንበር ስትደረድር፣ ውሃ ስታድል ዋለች።

ኧረ በፈጠራችሁ! የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ቤት ለቤት የሚዞረው ማን ነው? የክትባት ሳጥኗን በትከሻዋ አንጠልጥላ ያን ዳገት የምትወጣው፣ ማሰሪያው ትከሻዋን የላጣት፣ የክብር እንግዳው ናቸው? ክትባት ያመለጠውን ሕፃን ፈልገው የሚያገኙት እሳቸው ናቸው? ነፍሰ ጡሯን «ጤና ጣቢያ ሂጂ» ብለው የሚጨቀጭቁትስ? (ጤና ጣቢያው የት እንደሆነ ማወቃቸውንም እንጃ።)

በኮሮና ጊዜ «ጀግኖቻችን» ብለን አጨብጭበን ነበር። አሁን የትራንስፖርት አበል ስትጠይቅ «በጀት የለም»። ሰኞ በራችንን ስታንኳኳ ደግሞ «ምን ፈለግሽ?» የምንላት እኛው ነን!