ለልደት አሥራ አንደኛ መደብ ይውጣ

ወገኖቻችን፣ ታኅሣሥ ከገባ ወዲህ የሰው ሁሉ ወሬ የበሬና የዶሮ ዋጋ ሆኗል። ሽንኩርት ስንት ገባ፣ ቅቤ ስንት ደረሰ፣ ቅርጫው ስንት ስንት ያስወጣናል እንባባላለን። የሚወለደው ማን እንደሆነ፣ ስለ ምን እንደተወለደ የሚያነሳ ግን እያነሰ መጥቷል። ዝም ብለን ልናልፈው አይገባም፤ የሚወለደውን ካሰብን ደግሞ ከቅርጫው ለነዳያን አንድ ተጨማሪ መደብ (ድርሻ) እናወጣለን።

ከዘመናት በፊት ከአብ ያለ እናት የተወለደው አምላክ፣ በኋላ ዘመን ከድንግል ማርያም ያለ አባት ተወለደ። ሁለት ልደታት የምንለው ይህንን ነው። አምላክነቱን ትቶ ሰው አልሆነም፤ ሰው መስሎም አልታየም። መለኮትና ሥጋ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለየት ተዋሐዱ። የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ንስጥሮስ በ431 እ.ኤ.አ. በኤፌሶን ጉባኤ የተወገዘው ይህን በማፋለሱ ነው። ከማርያም የተወለደው ራሱ አምላክ ካልሆነ የአዳም ልጆች አልዳኑም። እመቤታችንን ወላዲተ አምላክ ስንል የልጇን ማንነት እየመሰከርን ነው።

ታዲያ ይህ አምላክ የት ተወለደ? በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው እናቱ በመጠቅለያ ጠቅልላ በግርግም አስተኛችው ይላል ሉቃስ (2፥7)። ግርግም ከብት ድርቆሽ የሚበላበት ነው። የምሥራቹም አስቀድሞ የተነገረው ለሄሮድስ ቤት ሳይሆን ሌሊት መንጋቸውን ለሚጠብቁ እረኞች ነው። በአገራችን ሎሌና ጌታ በአንድ ሜዳ ሲራኮቱ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» መባሉ ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው። የሰማይ ጌታ ዝቅ ባለበት ቀን ምድራዊ ጌታ ሊኮራ አይችልም።

ቀኑም በዘፈቀደ አልተያዘም። ጽንሰቱ መጋቢት 29፣ ልደቱ ታኅሣሥ 29 ነው፤ መካከሉ 9 ወር ከ5 ቀን። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ያቺ ተጨማሪ ቀን ቁጥሩን እንዳታፋልሰው በዓሉ ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ በ2016 ዓ.ም. የሆነው ይህ ነበር። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፦ ፈረንጆቹ በዲሴምበር 25 ሲያከብሩ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ አጋማሽ፣ ጾሙ መካከል ላይ ነው። ከሥራ ባልደረባ ጋር እንኳን አደረሳችሁ መባባል መልካም ነው፤ ጾሙን በዚያ ቀን መፍታት ግን ሌላ ነገር ነው።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። 40ው ቀን ነቢያት የአምላክን ሰው መሆን ናፍቀው የጾሙት፣ 3ቱ በእስክንድርያው ፓትርያርክ በአብርሃም ሶርያዊ ዘመን በግብፅ የሙቀጠም ተራራ የፈለሰበት መታሰቢያ፣ 1ዱ ጋድ፣ ማለትም የበዓሉ ዋዜማ ነው። ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ ያሉት ሳምንታት ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ይባላሉ፤ ምስባኮቻቸውን (በቅዳሴ ከመዝሙረ ዳዊት የሚዜሙትን ጥቅሶች) ያዳመጠ ሰው የጾሙን ትርጉም ያገኘዋል። «እጅህን ከአርያም ላክ»፣ «ብርሃንህንና ጽድቅህን ላክ»፣ «የእስራኤል እረኛ ሆይ፣ አድምጥ»። ሁሉም ልመና ነው። ሳይለምን የከረመ ሰው በልደት ሌሊት ምን እንደተሰጠው እንዴት ያውቃል?

ብዙዎቻችን የምንሰናከለው በጋዱ ቀን ነው። በሬው ከሰዓት ይታረዳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ሌሊት ቅዳሴ ሲደወል ሰው ተኝቷል። የሚቆርብ ሰው 18 ሰዓት ከእህልና ከውኃ መከልከል አለበት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚቆርብ ከሆነ ከጋዱ ጠዋት 2 ሰዓት ወዲህ ምንም አይቀምስም ማለት ነው። ይህን ቀድማችሁ ቁጠሩት፤ የቅዳሴው ሰዓት ከደብር ደብር ስለሚለያይ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም ይበላል፤ አትጠራጠሩ። ጠዋት ግን ከ44 ቀን ጾም በኋላ ሆድን በቁርጥና በአረቄ አትጀምሩት፤ ያልተመረመረ ጥሬ ሥጋ ደግሞ ኮሶ ይዞ ይመጣል።

ለበዓል ብላችሁ አራጣ አትበደሩ። በግርግም የተወለደው በብድር ዶሮ አይከብርም።

አሁን ወደ ቅርጫው እንምጣ። 10 አባወራ አንድ በሬ ሲገዛ 10 መደብ ያወጣል። ዘንድሮ 11 አውጡ። 100 ኪሎ ሥጋ ቢወጣ ለእያንዳንዱ 10 ኪሎ ይደርስ የነበረው ወደ 9 ኪሎ ከ100 ግራም ይወርዳል፤ ማንም አይጎዳም። 11ኛው መደብ ከሻኛውም፣ ከጎድኑም፣ ከሽንጡም፣ ከጉበቱም እኩል ይድረሰው። አጥንትና ጨጓራ ሰብስቦ «ይህ የነዳያን ነው» ማለት የተረፈን መጣል እንጂ መስጠት አይደለም። አድልዎን የሚያስቀረው ዕጣው ነው፤ የትኛው መደብ ለማን እንደሚወጣ የማያውቅ ከፋፋይ ሁሉንም አስተካክሎ ይመድባል። ስለዚህ የ11ኛውም ባለቤት ዕጣ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ይጣል።

የሚሰጠው ለማን እንደሆነ ከሳምንት በፊት ከዕድሩ ዳኛ ጋር ተነጋገሩ፤ አልጋ ላይ የዋለ፣ ጧሪ ያጣች፣ ልጆች ይዛ የቀረች በሰፈሩ ውስጥ አለች። ሥጋ ብቻውን ለባዶ ጓዳ አይሆንም፦ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ ጨውና አንድ ማዳበሪያ ከሰል ጨምሩ፤ እንጀራውንም አትርሱ። በር ላይ አሰልፋችሁ አትስጡ፣ ፎቶም አታንሱ። ከየሱቁ ደጃፍ የሚቆመው የገና አባት መነሻው የሜራው ጳጳስ ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው፤ እርሱ በሌሊት ተደብቆ ይሰጥ እንደነበር ይተረካል። እናንተም ቤቷ ድረስ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወጡ እስከ ምሳ እንዲደርስላት ከማለዳው 1 ሰዓት አይለፍ።